ሰባት አባት መቁጠር፦ የቤኖይ ጎሳ ከቼቼኒያ ተራሮች

ባለፈው ሳምንት ከተራዊሕ በኋላ፣ የቼቼን ተፋላሚዎችን በስልኩ የሚከታተል አንድ ወጣት፣ «ሸይኽ፣ እነዚህ ሰዎች ‹ቴይፕ› የሚሉት ምንድን ነው?» አለኝ። ፈገግ አልኩ። ቃሉ ዐረብኛ ነው፤ «ጣኢፋ»፣ ወገን ማለት። ከእስልምና ጋር ወደ ካውካሰስ ዘልቆ የጎሳ መጠሪያ ሆነ።

ከቴይፖቹ በሕዝብ ብዛት ቀዳሚ የሚባለው ቤኖይ ነው። ስሙ በደቡብ ምሥራቅ ቼቼኒያ ካለች ተራራማ መንደር የመጣ ነው። ቴይፕ ወደ ላይ «ቱኹም» ከሚባል የጎሳዎች ኅብረት ይገባል፤ ወደ ታች «ጋር» ወደሚባሉ ቅርንጫፎች፣ ከዚያም እስከ አንድ ቤት ድረስ ይከፈላል። ቤልጋቶይ የሚባል ቴይፕም አለ። ወረርሽኝ ጨርሶት ጥቂት ሰው ብቻ ተርፎ እንደገና በዛ፤ ስሙም «ሞቶ የተነሣ» ማለት ነው ብለው ሽማግሌዎቹ ይተርካሉ።

ዘራችን ከሻም ነው የሚሉ ቴይፖችም አሉ። በእኛም አገር ሐረጉን ከዐረብ ምድር የሚጀምር ጥቂት አይደለምና አይገርመኝም። ቋንቋቸው ግን ከዐረብኛ ጋር አይዛመድም፤ የቅርብ ዘመዱ የጎረቤቶቻቸው የኢንጉሾች ቋንቋ ነው። ለሙስሊምነታቸው ደግሞ የዐረብ አያት አያስፈልጋቸውም።

የቤኖይ ስም ሲነሣ የኢማም ሻሚል ናኢብ የነበረው ባይሳንጉር አብሮ ይነሣል። በጦርነቱ አንድ ዓይኑን፣ አንድ እጁንና አንድ እግሩን አጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1859 ሻሚል ጉኒብ ላይ እጁን ሲሰጥ እርሱ እምቢ ብሎ ወደ መንደሩ ተመለሰ፤ እንደገና አመፀ፤ በ1861 ኻሳቭዩርት ላይ ተሰቀለ።

እኔን ይበልጥ የሚነካኝ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1944 የስታሊን መንግሥት ቼቼኖችንና ኢንጉሾችን በሙሉ፣ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ፣ በከብት ፉርጎ ጭኖ ወደ ካዛኽስታንና ኪርጊዝስታን አጋዘ። ብዙዎች በመንገድና በመጀመሪያዎቹ ክረምቶች አለቁ። በሌሉበት የመቃብር ድንጋዮቻቸው እየተነቀሉ ለግንባታ ዋሉ። በ1957 እንዲመለሱ ሲፈቀድ፣ የብዙ አባቶች ስም የተረፈው በሰው አፍ ላይ ብቻ ነበር። የቼቼን ልጅ ሰባት አባቶቹን እንዲያውቅ የሚጠበቀው በወግ ነው፤ ያ ወግ ሰነድ ሆነላቸው።

በልማዳቸው ከአንድ ቴይፕ መጋባት ነውር ነበር፤ ሸሪዓ የአጎት ልጅን ቢፈቅድም። በወሎም እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩ ሙስሊሞች አሉ። ቆጠራው ዝምድናን ለመቀጠል ሲሆን ሲለቱ ረሒም ነው። ሌላውን ለመናቅ ሲሆን ግን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የኮነኑት ዐሰቢያ ነው፤ ይህ ለቼቼንም ለእኛም ያው ነው።

ወጣቱ ይህን ሁሉ ሰምቶ፣ «እርስዎስ ሸይኽ፣ ስንት ይቆጥራሉ?» አለኝ። አራተኛው ላይ ቆምኩ። በማግስቱ ከኢፍጣር በኋላ ሰማንያ ዓመት ላለፋቸው አጎቴ ስልክ ደወልኩ። አምስተኛውን ነገሩኝ። ስድስተኛውን ስጠይቃቸው ትንሽ ዝም አሉና፣ «እሱን የሚያውቀው አባትህ ነበር» አሉኝ።