የግቢ ዘንባባን የሚያጠቃው ቀይ ነቀዝ፦ ምልክቶቹ፣ ሕክምናውና የታመመ ዛፍ አወጋገድ

በእስራኤል ከተሞች በግል ግቢዎች፣ በመኖሪያ ሕንፃዎች ዙሪያና በመንገድ ዳር የተተከሉ በርካታ ዘንባባዎችን ለሞት የዳረገው ዋነኛ ተባይ ቀይ የዘንባባ ነቀዝ ነው። በዕብራይስጥ «ሒድኮኒት ሃዴኬል ሃአዱማ» ይባላል፤ ወደ ማዘጋጃ ቤት ወይም ወደ ዛፍ ባለሙያ የሚደውል ነዋሪ ይህን ስም ቢጠቅስ ጉዳዩ ወዲያው ይታወቅለታል። ጉዳቱ በዛፉ ላይ ብቻ አያበቃም። ውስጡ የተበላ ዘንባባ አናቱ ወይም ግንዱ ሳይታሰብ ሊሰበር ስለሚችል፣ ሕፃናት በሚጫወቱበት ወይም ሰው በሚተላለፍበት ስፍራ ያለ የታመመ ዛፍ ለሰው ሕይወትም ያሰጋል።

የነቀዙ መነሻ ደቡብና ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ተሻገረ፤ ያሻገረውም በዋናነት የዘንባባ ችግኞችና የትልልቅ ዛፎች ንግድ ነው። በእስራኤል ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 በዮርዳኖስ ሸለቆ የተምር እርሻዎች ውስጥ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል በካናሪ ዘንባባዎች ላይ ታየ። ከዚያም ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛምቷል።

ነቀዙ ቀላ ያለ ቡናማ ቀለም፣ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመትና የታጠፈ ረጅም አፍ ያለው በራሪ ጥንዚዛ ነው። ዛፉን የሚገድለው ግን ጥንዚዛው ሳይሆን እጩ ነው። እንስቷ በዝንጣፊው ሥር ወይም ትኩስ ቁስል ባለበት ቦታ 200 እና ከዚያ በላይ እንቁላል ትጥላለች። በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚፈለፈሉት እግር የሌላቸው ነጣ ያሉ እጮች ከአንድ እስከ ሦስት ወር የዛፉን ለስላሳ ክፍል እየቦረቦሩ ይበላሉ፤ እስከ አምስት ሴንቲ ሜትርም ያድጋሉ። ይህ ሁሉ የሚከናወነው ከግንዱ ውስጥ ነው። ዛፉ ከውጭ ሲታይ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ውስጡ ባዶ ሊሆን የሚችለው ስለዚህ ነው።

ብዙ ነዋሪዎች የታችኛው ዝንጣፊ ሲቢጫ ወይም ሲደርቅ ይደነግጣሉ። ያረጀ ዝንጣፊ ግን በተፈጥሮው ከታች ጀምሮ ይደርቃል፤ ይህ ብቻውን የነቀዝ ምልክት አይደለም። በካናሪ ዘንባባ መታየት ያለበት አናቱ ነው። ከመሐል የሚወጡት አዳዲስ ዝንጣፊዎች ወደ አንድ ወገን ካዘነበሉ፣ ካጠሩ፣ ወይም ቅጠሎቻቸው በመቀስ የተቆረጡ መስለው ጫፋቸው ከጎደለ፣ ዛፉ መጠቃቱን መጠርጠር ይገባል። የዛፉ አናት ቀስ በቀስ መሐሉ ጠፍቶ እንደ ተዘረጋ ጃንጥላ ሲሆን ግን በሽታው ሥር ሰድዷል። በተምር ዛፍ ላይ ነገሩ የተለየ ነው፤ ነቀዙ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ከግንዱ የታችኛው ክፍል፣ በተለይም የጎን ቡቃያ በሚወጣበት አካባቢ ነው። ስለዚህ ከግንዱ የሚንጠባጠብ ቡናማ ፈሳሽ፣ የተፈጨ እንጨት የመሰለ ብናኝና የቦካ ሊጥ የሚመስል ሽታ መፈለግ ያስፈልጋል። ከዛፉ ሥር በዘንባባ ጭረት የተገመደ፣ የአውራ ጣት ያህል ሽፋን ወድቆ ከተገኘ ጥርጣሬው ያበቃል፤ እጩ ወደ ጥንዚዛነት የሚለወጠው በዚህ ሽፋን ውስጥ ነውና። ቅጠል ላይ የሚለጠፉ ጥቃቅን ነጭ ወይም ግራጫ ቅርፊቶች ግን የሌላ ተባይ ምልክት ናቸው፤ እነዚህ ዛፉን ቢያደክሙም እንደ ነቀዙ ግንድ አይቦረቡሩም።

ዘንባባ የሚያድገው በአናቱ ካለች አንዲት ቡቃያ ነው። ሕክምናውም ይጠቅም እንደሆነ የምትወስነው እርሷ ናት፤ ቡቃያዋ በሕይወት ካለች ባለሙያው የተበላውን ክፍል ጠርጎ በማውጣትና መድኃኒት በመስጠት ዛፉን ሊያድነው ይችላል። ቡቃያዋ ከሞተች ግን ማንኛውም መድኃኒት ገንዘብ ከማባከን በቀር የሚፈይደው የለም። ለሕክምና ከሚውሉት መካከል በግንዱ ውስጥ በመርፌ የሚሰጠው ኢማሜክቲን ቤንዞኤት፣ በአናቱ ላይ የሚረጩ ፀረ-ተባዮች እንዲሁም እጮችን ፈልገው የሚገድሉ፣ በዓይን የማይታዩ ጠቃሚ ትሎች ይገኛሉ። መድኃኒቱ ለዘንባባ የተፈቀደ መሆኑ በመለያው ላይ መረጋገጥ አለበት፤ ፍሬው የሚበላ የተምር ዛፍ ከሆነ ደግሞ ይህ ጥንቃቄ የበለጠ ይጠብቃል። በካናሪ ዘንባባ ዝንጣፊ ሥር ያለው እሾህ ረጅምና ስለታም ስለሆነ በተራ መሰላል ወጥቶ ለማከም መሞከር አይመከርም። ነቀዝ በሽታው የሚስብ ወጥመድ በግቢ መስቀልም እንደዚሁ ነው፤ የጎረቤትን ነቀዝ ወደ ግቢ ይጠራል።

ነቀዙን ከሚስቡት ነገሮች አንዱ ከተቆረጠ አረንጓዴ ዝንጣፊ የሚወጣው ሽታ ነው። የዳስ በዓል ሲቃረብ ለሱካ ጣሪያ የሚሆን ዝንጣፊ የሚቆረጠው ነቀዙ ገና በሚበርበት ሞቃት ወቅት ስለሆነ፣ ከግቢ ዛፍ ላይ መቁረጥ ያሰበ ሰው የደረቁትን ብቻ ቢያነሳ ይመረጣል። አረንጓዴውን መቁረጥ ግድ ከሆነ ቁስሉ በዚያው ቀን ለዚሁ በተዘጋጀ መድኃኒት መታከም አለበት። መደበኛው ገረዛ ቅዝቃዜ በሚበረታባቸው የክረምት ወራት፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ቢደረግ ይሻላል።

ዛፉ የማይድን ሆኖ ሲገኝ ባለቤቱ በራሱ ፈቃድ ሊቆርጠው አይችልም፤ በግቢው ውስጥ ያለ ቢሆንም እንኳ ትልቅ ዛፍ ለመቁረጥ ከደን ኃላፊው ፈቃድ ማግኘት በሕግ ይጠየቃል። ዛፉ ሊወድቅ የተቃረበ ከሆነ አደጋው በማመልከቻው ላይ በግልጽ መጻፍ፣ ፎቶግራፍም መያያዝ አለበት። ፈቃዱ እስኪደርስ ድረስ በዛፉ ሥር ማንም እንዳያልፍ ቦታው ይከለላል። ዛፉ በጋራ ግቢ ውስጥ ከሆነ ጉዳዩ ለሕንፃው ኮሚቴ (ቫአድ ባይት)፣ በመንገድ ወይም በመናፈሻ ከሆነ ደግሞ ለማዘጋጃ ቤቱ የስልክ ማዕከል በ106 ይነገራል።

የተቆረጠው ግንድ በግቢ ጥግ ከተከመረ፣ ውስጡ የቀሩት እጮች ዕድገታቸውን ጨርሰው ወደ ጎረቤት ዛፎች ይበርራሉ። ስለዚህ አናቱና ግንዱ በዚያው ቀን ተሸፍነው መወሰድ፣ ከዚያም በማሽን ተፈጭተው መወገድ አለባቸው። ሥራውን የሚወስደው ተቋራጭ ግንዱን የት እንደሚያደርሰው ከክፍያ በፊት በጽሑፍ ማስፈር ይገባዋል። በአቅራቢያው ላሉት ጤነኛ ዘንባባዎችም የመከላከያ ሕክምናው በዚያው ሰሞን ይጀመራል።