ሣሩን ሳይጎዱ ሜዳውን መጋራት

«ሣሩን መርገጥ ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ በየመናፈሻው ሳያዩ አይቀሩም። ብዙ ጊዜ ከጽሑፉ አጠገብ እግር ያወጣው ቀጭን አቋራጭም አለ። ክልከላ ብቻውን ሣርን አያድንም።

በአሜሪካ ኮሎራዶ፣ ከሮኪ ተራሮች ግርጌ ያለችው ቦልደር ከተማ ይህን ችግር በሰፊው ታውቀዋለች። በ1967 እ.ኤ.አ. ነዋሪዎቿ በዙሪያቸው ያለው ክፍት መሬት በግንባታ እንዳያልቅ ብለው፣ መሬት ለመግዣ የሚውል የሽያጭ ታክስ በራሳቸው ላይ በድምፅ ወሰኑ። ዛሬ ከተማዋ ከ18,000 ሄክታር በላይ ጥብቅ መሬት ታስተዳድራለች። ከፊሉ ፕሬሪ የሚባለው ሣራማ ሜዳ ነው።

ታክሱን የከፈለው ቤተሰብ ግን ልጆቹን ይዞ ሊገባበት ይፈልጋል። ብስክሌተኛውና ፈረሰኛውም እንዲሁ። ሁሉም እንዳሻው ከገባ ደግሞ ሜዳው ይጠፋል። ፕሬሪ ለዓይን ባዶ ቢመስልም ብዙው ሕይወቱ ከመሬት በታች ነው፤ የአንዳንዱ ሣር ሥር እስከ 3 ሜትር ይወርዳል። አንዴ ከተበላሸ በቀላሉ አይመለስም።

መጀመሪያ፣ የማይገባበት

ጥሩ ዕቅድ ሲወጣ በካርታው ላይ ቀድሞ የሚሰመረው መንገዱ ሳይሆን መንገድ የማይገባበት ቦታ ነው፦ ረግረጉ፣ ብርቅ ዕፅዋት የበቀሉበት፣ መሬት ላይ የሚፈለፍሉ ወፎች ጎጆ ያለበት። መንገዱ ሜዳውን መሐል ለመሐል ከሚሰነጥቀው በዳር በዳር ቢሄድ ይመረጣል።

ቀጥሎ፣ ውሃው

የመንገድ ትልቁ ጠላት ከእግር ይልቅ ጎርፍ ነው። ቁልቁል በቀጥታ የወረደ መንገድ በክረምት ቦይ ይሆናል። ስለዚህ እንደ ገበሬው እርከን ኮረብታውን በወገቡ ይዞ ይሄዳል፤ የመንገዱ ተዳፋት ከኮረብታው ተዳፋት ግማሽ እንዳይበልጥም ይመከራል። ሜዳው ላይ ደግሞ ውሃ ይተኛል። ሰው ጭቃውን ሽሽት በዳር ሲዞር መንገዱ እየሰፋ ሣሩን ይበላል። መፍትሔው መንገዱን በጠጠር ከፍ ማድረግ ነው።

በመጨረሻ፣ ሰዎቹ

እግረኛ፣ ብስክሌትና ፈረስ በአንድ መንገድ ሲሄዱ ለአደጋ የሚዳርገው ፍጥነትና ድንገት መገናኘት ነው። ስለዚህ መንገዱ ብስክሌቱን በሚያቀዘቅዝ መጠን ይጠማዘዛል፤ ግን ከሩቅ እንዲያስተያይ ሆኖ። በተለመደው ደንብ ብስክሌተኛ ለሁሉም ቅድሚያ ይሰጣል፤ እግረኛ ለፈረሰኛ ይቆማል።

ሀሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የመንዝ ጓሳ ሣር ለዘመናት የቆየው ማኅበረሰቡ መቼ እንደሚዘጋና መቼ እንደሚታጨድ በራሱ ሥርዓት ተስማምቶ ስለጠበቀው ነው። ሜዳውን ያቆየው ሁሉም የእኔ ያለው ደንብ ነው።

እርስዎም በዴንቨርና ኦሮራ አካባቢ ቢኖሩ፣ ወይም ከልጆችዎ ጋር እንጦጦ ቢወጡ፣ ይህን ይሞክሩ፦

• ጭቃ ካጋጠመዎ በመሐሉ ይለፉ ወይም ይመለሱ፤ በሣሩ አይዙሩ።
• አቋራጭ ለልጆች አያስለምዱ።
• ውሻ ካለዎት፣ በተለይ ወፎች በሚፈለፍሉበት ወቅት፣ በማሰሪያ ይያዙት።
• ፈረስ ሲመጣ ዳር ይዘው ይቁሙና ፈረሰኛውን ሰላም ይበሉ፤ ፈረሱ ድምፅዎን ሲሰማ አይደነግጥም።

ልጅዎ «ለምን በዚህ በኩል አንሄድም?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ጎንበስ ብለው ሣሩን ያሳዩት። መልሱ እዚያው ነው።