ደጋው አይናወጥም? ስለ ምድር መንቀጥቀጥ የሚነገረውና እውነቱ

በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ ከመካነ ሰላም አንሥቶ እስከ አማራ ሳይንትና እስከ ወግዲ ድረስ፣ የምድር መንቀጥቀጥ ወሬ በተሰማ ቁጥር ከሽማግሌውም ከተማሪውም አፍ የሚወጣው አሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም ድልቅልቅ የአፋር ቆላ ዕጣ እንጂ በዐለት ላይ የተቀመጠው ደጋ ጉዳይ አይደለም የሚለው ነው። ይህን አሳብ ፈጽሞ ሐሰት ነው ማለት አይቻልም፤ ግማሽ እውነት ያለበት ስለ ሆነም ነው ከሙሉ ሐሰት ይልቅ ሰውን የሚያዘናጋው። ደጋው የቆመው የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከምድር ሆድ ፈልቆ በተነጠፈ ጽኑ ዐለት ላይ ሲሆን፣ ምድር በየዓመቱ በሚሊሜትር እየተለያየች የምትሰነጠቀው ከደጋው በስተ ምሥራቅ፣ በስምጥ ሸለቆውና በአፋር ዝቅታ ነው፤ የሀገራችን የሕንፃ ደንብ የአደጋ ካርታም ከሸለቆው ወደ ምዕራብ በተራቀ መጠን የስጋቱን ደረጃ ዝቅ ያደርገዋል።

ነገር ግን ዝቅ ያለ ስጋት ማለት የሌለ ስጋት ማለት አይደለም። ከመካነ ሰላም በቀጥታ መስመር ቢለካ ከ150 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት፣ በደሴ መንገድ ላይ በምትገኘው በካራ ቆሬ አካባቢ፣ ከግንቦት 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ምድር ለወራት ስትናወጥ የማጀቴ ከተማ ፈጽማ ፈረሰች፣ ከካራ ቆሬም ቤቶች ግማሽ የሚጠጉት ወደቁ፣ ከካራ ቆሬ በስተ ሰሜን ያለው አውራ ጎዳናም 17 ኪሎ ሜትር ያህል ተጎዳ። ከዚያም አስቀድሞ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ በደጋው አፋፍ ላይ የነበረችው የሸዋ መናገሻ አንኮበር በመንቀጥቀጥና በመሬት መንሸራተት ቤቶቿ ፈርሰዋል። አንኮበር ቆላ እንዳልሆነች ለወሎ ሰው መንገር አያስፈልግም።

ሁለተኛው አሳብ ከሃይማኖት ጋራ የተያያዘ ስለ ሆነ በአክብሮት ሊነገር ይገባዋል። ምድር ስትናወጥ መዓት ወረደ ብሎ ለምህላ የሚቆመውን ምእመን ማንም ሊነቅፈው አይችልም፤ የሚነቀፈው፣ ቁጣ ከሆነ ምን ጥንቃቄ ያድናል ብሎ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጠው ነው። በሉቃስ ወንጌል በ13ኛው ምዕራፍ ስለ ሰሊሆም ግንብ የተጻፈውን ያነበበ ሰው፣ ግንቡ ወድቆ የገደላቸው 18 ሰዎች ከሌላው የኢየሩሳሌም ነዋሪ ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ ጌታ ራሱ መናገሩን ያስታውሳል፤ በወሎ ከክርስቲያኑ ጋራ ጎን ለጎን የሚኖረው ሙስሊም ወንድሙም፣ ነቢዩ ግመሉን ሳያስር በአላህ እመካለሁ ያለውን ሰው አስቀድሞ እንዲያስር ማዘዛቸውን ከሼሆቹ ሲሰማ አድጓል። ወንጌሉ ግንቡ ስለ ምን እንደ ወደቀ አይነግረንም፤ እኔ ግን ግንበኛውን እጠረጥራለሁ።

ከግንበኛው ዘንድ ከደረስን ደግሞ ከዋናው ነገር ደርሰናል። በሀገራችን የድንጋይ ቤት የብርታት፣ የጭቃ ቤት የድህነት ምልክት ሆኖ ስለሚታይ፣ ባለጸጋው በወፍራም ግድግዳው ተማምኖ ሲተኛ የሚያዝነው ለጎረቤቱ ነው። ድንጋዩ ነፋስን፣ ዝናምንና እሳትን በመቋቋም ረገድ በእውነት ይበልጣል፤ መንቀጥቀጥ ግን ቤትን ወደ ጎን የሚገፋ ኃይል በመሆኑ፣ ግድግዳው በከበደ መጠን ግፊቱም ያንኑ ያህል ይበረታበታል። በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ በውስጥና በውጭ ሁለት ገጽ ሆኖ ተክቦ በመካከሉ ጠጠርና አፈር የሚሞላበት ስለ ሆነ፣ ሲናወጥ ሁለቱ ገጾች ይለያዩና ሆዳቸውን ነፍተው ይደረመሳሉ። በሕንድ ሀገር በላቱር አውራጃ፣ እንደ እኛው ደጋ ከእሳተ ገሞራ በተነጠፈና አይናወጥም ተብሎ በተገመተ አምባ ላይ፣ በመስከረም 1986 ዓ.ም. ከንጋት በፊት በመጠን 6.2 የሆነ መንቀጥቀጥ በደረሰ ጊዜ፣ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ በተኛበት ያለቀው በእንዲህ ያለው ወፍራም የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ሥር ነው።

የተናቀው የእንጨትና የጭቃ ቤት ግን፣ ቋሚውና ማገሩ በሚገባ ከታሰሩ፣ ምርጊቱ እየረገፈ እንጨቱ እየተወዛወዘ ነዋሪው እስኪወጣ ድረስ ይቆማል፤ ቢወድቅም ክብደቱ እንደ ድንጋዩ ገዳይ አይደለም። ይህም የሚሆነው የቋሚው እግር ባልበሰበሰ፣ ምስጥም ባልበላው ጊዜ ነው። የድንጋይ ቤት ያለው ሰው ደግሞ ቤቱን ያፍርስ ማለት አይደለም። አዲስ የሚገነባ ከሆነ የግድግዳውን ሁለት ገጽ ከዳር እስከ ዳር የሚያያይዝ ረጅም ድንጋይ በከፍታ በየ60 ሴንቲ ሜትሩ፣ በአግድም በየ1 ሜትር ከ20 ሴንቲ ሜትሩ ያስገባ፤ ማዕዘኑን በረጃጅም ድንጋይ ያጠላልፍ፤ በርና መስኮቱን ከማዕዘን ያርቅ፤ ከሁሉም በላይ ከጣሪያው በታች ግድግዳውን ዙሪያውን የሚያስር፣ ግንበኞች ቶፕ ታይ ቢም የሚሉትን ማሰሪያ፣ አርማታ ቢቸግረው በእንጨትም ቢሆን አይተው። ወደ ዓባይ በሚያዘቀዝቀው አገር ከገደል አፋፍ ወይም ተቆርጦ ከተሞላ አፈር ላይ መሠረት መጣል ግን በማንኛውም ማሰሪያ አይካስም፤ በክረምት ውኃ የጠጣ ተረተር በትንሽ ንውጽውጽታ ሊንሸራተት ይችላልና።

ሲሚንቶ ከገባ አይፈርስም የሚለውም አሳብ ከዚሁ ዘር ነው። በየከተማው የሚነሣውን ባለ ፎቅ ቤት የሚያድነው የሲሚንቶው ብዛት ሳይሆን፣ ኮለኑ ውስጥ የገባው ፌሮ፣ ይልቁንም ፌሮውን የሚያቅፈው ስታፋ ተጠጋግቶ መታሰሩና ጫፉ ወደ ውስጥ መታጠፉ ነው፤ ታችኛው ወለል ለሱቅ ተብሎ ግድግዳ አልባ ሲቀር፣ የላዩ ሶሌታ ክብደት ሁሉ በቀጫጭን ኮለኖች ላይ ይወድቃል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በ2001 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ስታፋው ግን አርማታው ከፈሰሰ በኋላ አይታይምና፣ ሳይሸፈን የሚያይ ዐይን ከሌለ አዋጁ ለኮለኑ ምንም አይጨምርለትም።

በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች ዙሪያ ምድር ለወራት ስትናወጥ፣ ትንንሾቹ ትልቁን ያበርዱታል የሚል ማጽናኛ ይነገር ነበር። መንቀጥቀጥ በመጠን አንድ ደረጃ ሲጨምር ኃይሉ 32 ጊዜ ያህል፣ ሁለት ደረጃ ሲጨምር 1000 ጊዜ ያህል ስለሚበልጥ፣ ትንንሹ ተሰብስቦ የትልቁን ዕዳ አይከፍልም፤ ከመስከረም ጀምሮ በየጊዜው ከተናወጠ በኋላ ታኅሣሥ 26 ቀን በመጠን ከ5.5 በላይ፣ የካቲት 7 ቀን ሌሊት ደግሞ 6.0 የሆነው የመጣውም ስለዚህ ነው። ቀኑንና ሰዓቱን ቈርጦ የሚተነብይ ሰው ቢመጣም አትስሙት፤ ይህን የሚያውቅ ሊቅ በዓለም ገና አልተነሣም።

በሚናወጥበት ቅጽበት የበር መቃን ሥር ቁም የሚለው ምክር ያረጀ ነው። በብረት በታሰረ ባለ ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ያለ ሰው ወደ ደረጃ ከሚጋፋ ይልቅ ከጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ራሱን ይሸፍን፤ በድንጋይና በጭቃ ቤት ያለው ግን፣ በሩ ጥቂት እርምጃ ከሆነ፣ ወዲያው ወጥቶ ከግድግዳው ራቅ ይበል። ምድጃውንና ኩራዙን ማጥፋት መናወጡ ጋብ ሲል ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ቤት ለመመለስ አይቸኩል፤ ካራ ቆሬ የተናወጠችው አንድ ቀን ብቻ አልነበረምና። በምርጊቱ ላይ ያለ ጸጉር የሚያህል ስንጥቅ አያስደነግጥም፤ ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ ወደ ጎን ሰያፍ የወጣ፣ ወይም ሁለት ግድግዳ የሚገናኙበትን ማዕዘን ከላይ እስከ ታች የለየ ስንጥቅ ከታየ፣ ግድግዳውም ሆዱን ከነፋ ግን፣ እህሉ በጎተራ የቀረ ቢሆንም እንኳ፣ ድጋፍ ሳይቆምለት ሰውም ከብትም አይገባበትም።