ጀርባ መሬት ከነካ በኋላ

በእኛ ትግል ነገሩ ግልጽ ነው። ወገብ ይዞም ሆነ እግር ጠልፎ ተጋጣሚውን በጀርባው የዘረረ አሸነፈ። የወደቀው ተነስቶ አቧራውን ያራግፋል፣ ተመልካቹም ቀጣዮቹን ጥንድ ይጠብቃል። በባህል ስፖርቶች ውድድር የሚታየውም ሆነ በአዲስ አበባ፣ በኮተቤና በፈረንሳይ ለጋሲዮን ልጆች ከትምህርት ቤት መልስ የሚተናነቁበት ትግል ከዚህ ሕግ ብዙም አይርቅም። በብራዚሉ የመሬት ላይ ፍልሚያ በጂዩ ጂትሱ ግን ዋናው ጨዋታ ገና የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በጀርባው የተንጋለለው ሰው አልተሸነፈም፤ ብዙ ጊዜ እንዲያውም ወዶ ነው የተንጋለለው። እግሮቹን በራሱና ከላይ በመጣበት ተጋጣሚ መካከል አስገብቶ ይጠብቃል። ይህ አቋም ጋርድ ይባላል። ከላይ ያለው ሰው ሥራ እነዚያን እግሮች አልፎ ደረት ለደረት መድረስ ነው።

ትግል ያሳደገው ሰው ጋርድ ውስጥ ሲገባ ያሸነፈ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1994 በአሜሪካ ኦክላሆማ፣ በአራተኛው የዩኤፍሲ ቅይጥ ፍልሚያ ውድድር ፍጻሜ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ዳን ሴቨርን በትግል ስፖርት ያደገና ስም ያተረፈ፣ ክብደቱም ከ110 ኪሎ በላይ የሆነ ሰው ነበር። ብራዚላዊው የጂዩ ጂትሱ ተፋላሚ ሮይስ ግሬሲ ደግሞ 80 ኪሎ ገደማ ብቻ ይመዝን ነበር። ሴቨርን ግሬሲን መሬት ላይ ጥሎ ለብዙ ደቂቃዎች ከላዩ ተጫነው። በትግል ሚዛን ቢሆን ግጥሚያው ገና ድሮ አብቅቷል። ታዲያ ወደ 16ኛው ደቂቃ ሲቃረብ ግሬሲ እግሮቹን በሴቨርን አንገትና በአንድ ክንዱ ዙሪያ ቆልፎ አነቀው፤ ትልቁ ሰውዬም እጁን ሰጠ። ሴቨርን ጉልበት አላነሰውም፤ እግሮቹን ማለፍ የሚባል ሥራ እንዳለበት ግን ያደገበት ስፖርት አላስተማረውም።

ከዚያ 43 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1951 በሪዮ ዲ ጄኔሮው ማራካና ስታዲየም፣ የሮይስ አባት ኤልዮ ግሬሲ ከጃፓናዊው የጁዶ ጌታ ማሳሂኮ ኪሙራ ጋር ገጥሞ ነበር። ኪሙራ ኤልዮን እያነሳ ደጋግሞ ጣለው፤ በጁዶ አንዱ ውርወራ ብቻ በቂ በሆነ ነበር። በዚያ ቀን ሕግ ግን መጣል ምንም አያስገኝም። ኪሙራ ያሸነፈው በሁለተኛው ዙር ጥሎት ብቻ ሳይቀር ከላዩ ተጭኖ ክንዱን ሲጠመዝዘው ነው፤ የኤልዮ ወንድም ካርሎስ ግጥሚያውን አስቆመ። የክንድ ጥምዘዛው እስካሁን በኪሙራ ስም ይጠራል።

ጁዶም ጂዩ ጂትሱም መነሻቸው አንድ ነው። ጂጎሮ ካኖ በ1882 ቶኪዮ ላይ ኮዶካንን መሥርቶ ጁዶን አደራጀ፤ ተማሪው ሚትሱዮ ማኤዳ በ1914 ብራዚል ገባ፤ ግሬሲዎች ከእሱ የተማሩትን ይዘው መሬት ላይ ያለውን ክፍል አሳደጉት። ዛሬ የዓለም አቀፉ የብራዚል ጂዩ ጂትሱ ፌዴሬሽን ሕግ ተጋጣሚን ለጣለ 2 ነጥብ፣ ጋርዱን አልፎ ለ3 ሰከንድ ለያዘ 3 ነጥብ ይሰጣል። ማለፍ ከመጣል በላይ መቆጠሩ ብቻውን ብዙ ይናገራል።

ጋርድን ከባድ ያደረገው እግር መሆኑ አይደለም፤ እግር ይያዛል። ከባድ ያደረገው አንድ ቦታ አለመቆሙ ነው። የታችኛው ሰው እግሮቹን በላይኛው ሰው ወገብ ዙሪያ ቆልፏል እንበል። የላይኛው ቁልፉን ለመፍታት ይነሳል። ቀጥ ብሎ ሳይጨርስ የታችኛው ቁርጭምጭሚቱን ፈትቶ አንዱን እግር ከውጭ በኩል ከላይኛው ጉልበት ጀርባ ይጠመጥማል፤ ይህ በ1980ዎቹ የሪዮው የካርልሰን ግሬሲ ተማሪ የነበረው ሪካርዶ ዴ ላ ሪቫ ስሙን የሰጠው ጋርድ ነው። የላይኛው ጉልበቱን አዙሮ መንጠቆ የሆነበትን እግር ያራግፋል። የታችኛው ይህንኑ ጠብቆ ከሥሩ ይሾልካል፣ የላይኛውን አንድ እግር በሁለት እግሮቹ ሰቅዞ ይይዛል፤ ማርሴሎ ጋርሲያ ዝነኛ ያደረገው ኤክስ ጋርድ ማለት ነው። የላይኛው ላለመውደቅ ክብደቱን ወደ ታች ሲጥል ደግሞ አንድ እግሩ በታችኛው ጭኖች መካከል ተይዞ ይቀራል፤ ይህ ግማሽ ጋርድ ነው። ግማሽ ጋርድ ድሮ የሽንፈት ዋዜማ ተደርጎ ይታይ ነበር፤ ጎርዶ በሚል ቅጽል የሚታወቀው ሮቤርቶ ኮሬያ ጉልበቱ ተጎድቶ ሌላ ጨዋታ ሲያቅተው ወደ ማጥቂያነት ለወጠው። ይህ ሁሉ ዐሥር ሰከንድ እንኳ አይፈጅም።

ጀማሪዎች እነዚህን ስሞች ከቪዲዮ ለቅመው ለእያንዳንዱ አንድ መድኃኒት ይሸመድዳሉ። እኔ ብዙም አይጠቅምም ባይ ነኝ። መድኃኒቱ እስኪታወስ ጋርዱ ሌላ ሆኗል። ዓይን መጣል ያለበት በጋርዶቹ ላይ ሳይሆን በመካከላቸው ባለው ክፍተት ላይ ነው። የታችኛው ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር የግድ አንድ እግር ወይም አንድ እጅ ማንሳት አለበት፤ በዚያች ቅጽበት የሚይዘው አካል ያንሳል። አብዛኛው የላይኛው ተጫዋች መንጠቆው ሲለቀቅ ተገላገልኩ ብሎ ይተነፍሳል። መራመድ የነበረበት ግን ያን ጊዜ ነው።

ወዴት? ወደ ዳሌና ወደ ጉልበት። ሁሉም የጋርድ ለውጥ ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ ዳሌው መዞር፣ ጉልበቱም ተመልሶ መሃል መግባት አለበት። ስለዚህ ቁርጭምጭሚት ጨብጦ መታገል ትርፉ ድካም ነው፤ እግሩ ሲያዝ ጉልበቱ ይታጠፋል፣ ዳሌው ያፈገፍጋል፣ ሁሉም እንደገና ይጀመራል። ሁለቱን ጉልበቶች ገጥሞ ወደ አንድ ጎን መጫን ግን የዳሌውን መዞሪያ ይዘጋል። እዚያ መድረስ ባይቻል እንኳ የታችኛውን አንድ እግር በራስ ጉልበቶች መካከል ይዞ፣ ቂጥን ዝቅ አድርጎ፣ ክርንን ከጭን ሳያርቁ መቆየት ጥሩ ማረፊያ ነው። ከዚያ ሆኖ የታችኛው ወደ የትኛውም ወገን ቢለውጥ ተቃራኒውን መንገድ መያዝ ይቻላል።

ቀጥሎ ራስ አለ። ፊት ወደ ዞረበት አከርካሪ ይከተላል። ግማሽ ጋርድ ላይ ትከሻውን ከታችኛው ሰው አገጭ ሥር አስገብቶ የዚያን ሰው ፊት ወደ ሌላ አቅጣጫ ያዞረ፣ ያ ዳሌ ወደ እሱ እንዳይመለስ ግማሹን ሥራ ሠርቷል። ልብስ ተለብሶ በሚደረግ ጨዋታ ደግሞ የእጅጌና የሱሪ ጭበጣን ወዲያው ማስለቀቅ ያስፈልጋል፤ ጨብጦ የቆየ እጅ መንጠቆ እግርን ይጠራል። ሴቨርንን የጣለው ስህተትም እዚሁ ይመለከተናል፤ በታችኛው እግሮች መካከል ሁለቱም ክንዶች ውስጥ ይሁኑ፣ አለዚያም ሁለቱም ውጭ። አንዱ ውስጥ ሌላው ውጭ ከሆነ አንገት ታስሯል።

አንድ የመጨረሻ ማምለጫ አለ። ሊታለፍ የቀረበው ሰው ተገልብጦ በጉልበቱና በክርኑ ይኮራመታል። ብዙዎች በንዴት ወደ ቀድሞ ቦታው ሊመልሱት ይጎትቱታል። የማለፍ 3 ነጥብ ያመለጠው ሰው ጀርባውን ተከትሎ ደረቱን ካጣበቀበትና እግሮቹን ካስገባ 4 ነጥብ ይጠብቀዋልና ያ ንዴት ውድ ነው።

ይህ ሁሉ ሳንባም ይጠይቃል። በአዲስ አበባ ከፍታ፣ በ2,400 ሜትር ገደማ፣ አየሩ የያዘው ኦክስጅን የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው እንጦጦ ወደ 70 በመቶ ይወርዳል። ጡንቻ ለፈጣን እንቅስቃሴ ያጠራቀመው ጉልበት የሚተካው በኦክስጅን ስለሆነ፣ በዚህ አየር ከአንድ ፈጣን ሙከራ ወደ ሌላው ማገገሙ ይዘገያል። ሒሳቡ ለላይኛው ሰው ይከብዳል፤ የታችኛውን መሬት ተሸክሞታል፣ የላይኛው ግን የራሱን ክብደት ይሸከማል። በፍጥነት ከተሽቀዳደሙ ቀድሞ የሚደክመው እሱ ነው። የበሬ ተዋጊን ስም የያዘውና እግርን ወዲህ ወዲያ እየወረወሩ በሩጫ የሚታለፍበት ቶሬያንዶ ሲያዩት ያምራል፤ በዚህ አየር ግን ሁለቴ ሦስቴ ከከሸፈ ዋጋው ከባድ ነው። ቀስ ብሎ መጫንና በትንሽ በትንሹ መቅረብ ለዚህ ከተማ ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ቀላል ሰው ከከባድ ሲገጥም ግን ምርጫው ይጠብበታል። ማለዳ ወደ እንጦጦ ሽቅብ የሚሮጥ ሰው ሳንባው ይረዳዋል፤ ሩጫ የማያስተምረው ሲጫኑ አየር አፍኖ አለመያዝን ነው፤ ጀማሪ ሁሉ ያፍነዋል።

ለመልመድ ሁለት ሰውና ወፍራም ምንጣፍ ይበቃል። የእንጦጦ ሣር ለሩጫ እንጂ ለዚህ አይሆንም፤ የባሕር ዛፍ ሥርና ድንጋይ ጀርባ አይምርም። የታችኛው ማነቅም መጠምዘዝም ተከልክሎ ጋርድ ብቻ ይለዋውጥ። የላይኛው መጀመሪያ እጁን ሳይጠቀም በእግሩ፣ በዳሌውና በደረቱ ብቻ ይከተለው፤ ሦስት ደቂቃ። በሚቀጥለው ዙር እጅ ይፈቀድ፤ ከዚያ ቦታ ይቀያየሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከረው ሰው እጁን የት እንደሚያስቀምጠው ሲቸገር ይታያል፤ ከኋላው ያጣምረው።