ስለ ራስ ሲጻፍ፦ ጉድለትን መናገርና በራስ መሳቅ



የምርቃት ወቅት ሲቃረብ ብዙዎቻችን ስለ ራሳችን እንድንጽፍ እንጠየቃለን። ለምርቃት መጽሔት የስንብት ቃል፣ ለስኮላርሺፕ ማመልከቻ አጭር የሕይወት ታሪክ፣ ለጀመዓችን ታናናሾች ትዝታ እንጽፋለን። ብዕር ስናነሳ ሁለት ነገር ይፈትነናል። አንዱ ራስን እንከን የሌለው አድርጎ ማቅረብ ነው። ሌላው ደግሞ ለማሳቅ ሲባል የራስንም የጓደኛንም ገበና ማውጣት ነው። በሁለቱ መካከል ግን መንገድ አለ፤ ከእኛ በፊት የነበሩ ሙስሊም ጸሐፊዎችም ሄደውበታል። የሦስቱን እንመልከት።

ኢማም አል-ገዛሊ፦ የኒያ ሕመም

ኢማሙ አል-ገዛሊ በባግዳድ ሦስት መቶ ያህል ደረሶችን ያስተምሩ ነበር። በሒጅራ 488 (እ.ኤ.አ. 1095) ግን ይህን ሁሉ ትተው ወጡ። ምክንያቱን «አል-ሙንቂዝ ሚነ ደላል» በተሰኘው ኪታባቸው ራሳቸው ተርከውታል። ማስተማራቸውን ሲመረምሩት ኒያው ለአላህ ብቻ የጠራ ሆኖ አላገኙትም፤ ክብርና ዝና መፈለግ ነበረበት።

ታሪኩን እዚህ ላይ ቢያቆሙት ኖሮ «ዱንያን ንቆ የወጣ ዓሊም» ተብሎ ይነበብ ነበር። እርሳቸው ግን ለስድስት ወር ያህል እንዴት እንደወላወሉ ጭምር ይነግሩናል። አንድ ቀን ለመሄድ ይቆርጣሉ፤ በሌላው ቀን ይተዉታል። ጠዋት የአኺራ ፍላጎት ቢበረታባቸው ማታ የዱንያ ምኞት ያፈርሰዋል። በመጨረሻም ምላሳቸው ተያዘ፤ ደረሶቻቸውን ለማስደሰት ሊያስተምሩ ቢሞክሩ ቃል አልወጣ አለ። ምግብ እንኳ አልወርድ አላቸው። ሲወጡም ሐሳባቸው ወደ ሻም ሆኖ ሳለ፣ እንዳይከለከሉ ፈርተው ወደ መካ እንደሚሄዱ ማስወራታቸውን አልደበቁም።

ነገ እጀምራለሁ እያለ ተውበቱን ወይም የቁርኣን ሒፍዙን ያዘገየ ተማሪ በእነዚያ ስድስት ወራት ውስጥ ራሱን ያገኛል። ኢማሙ የወንጀል ዝርዝር አላወጡም፤ የልብን በሽታና ሕክምናውን ነው የጻፉት።

ኡሳማ ኢብን ሙንቂዝ፦ ጀግናና አይጥ

ኢማሙ ከባግዳድ በወጡበት በዚያው ዓመት በሶሪያ ሸይዘር ምሽግ ኡሳማ ኢብን ሙንቂዝ ተወለደ። ኡሳማ ከመስቀል ጦረኞች ጋር የተዋጋ፣ አንበሳ ያደነ ፈረሰኛ ነበር። በ1188 እስከሞተበት ጊዜ ድረስ ከዘጠና ዓመት በላይ ኖሯል። በስተርጅናው ያስጻፈው «ኪታቡል ኢዕቲባር» የጀብዱ መጽሐፍ ሊሆን ይችል ነበር። እርሱ ግን በጀግኖቹ መካከል ሰውን ሰው የሚያሰኘውን ነገር ያስገባል።

ለምሳሌ ከአጎቱ አገልጋዮች አንዱ በጦር ሜዳ ደፋር ሆኖ እባብ ሲያይ ግን ልቡ የሚጠፋ ሰው ነበር። የኡሳማ አባት «አንተን የመሰለ ጀግና አያፍርም?» በሚል ስሜት ቢገስጹት፣ አገልጋዩ ይህ ምንም እንደማያስገርም መለሰ። በሆምስ ከተማ አይጥ ሲያይ የሚሸሽ ታላቅ ጀግና እንዳለም ነገራቸው። ያ ጀግና እዚያው የቆመው የኡሳማ አጎት ነበር! አጎትየውም ነገሩ ስለገባቸው ሰደቡት።

በሌላ ቦታ ደግሞ በደማስቆ አንድ በግ ለአንበሳ ቀለብ እንዲሆን ሲቀርብ፣ በጉ አንበሳውን በቀንዱ ወግቶ በኩሬው ዙሪያ እንዳባረረው ይተርካል። በመጨረሻ የታረደው አንበሳው ነው፤ በጉ ከመታረድ ተረፈ።

ኡሳማ በዚህ ሁሉ የሚፈልገው ትምህርት ነው፤ ብርታትም ፍርሃትም ዕድሜም በአላህ እጅ ናቸው። ከዚህ ራሱን አላወጣም። አንበሳ ይወጋበት የነበረው እጁ በእርጅና ምክንያት ብዕር ሲይዝ እንደሚንቀጠቀጥ እየተገረመ ይናገራል።

ባቡር፦ የሚጠብቀው ልብስና የአደራው ዕቃ

ሦስተኛው የሙጋል መንግሥት መሥራች ዘሂሩዲን ባቡር ነው (ከሐዲዱ ባቡር ጋር የሚያገናኘው ስሙ ብቻ ነው)። አባቱ በ1494 ሲሞት ገና በ11 ዓመቱ ፈርጋናን ወረሰ፤ በ1526 ደግሞ ደልሂን ያዘ። የሕይወት ታሪኩን በቻጋታይ ቱርክኛ ጽፏል።

ባቡር አባቱ አጭርና ወፍራም እንደነበር ይነግረናል። ልብሱ ስለሚጠብቅ ማሰሪያውን ለማሰር ሆዱን ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ሆዱን ሲለቀው ማሰሪያው ይበጠሳል። ነገር ግን ከዚሁ ጋር ሌላ ታሪክ አኑሯል። አንድ ትልቅ የነጋዴ ቅፍለት በበረዶ ተቀብሮ ሲያልቅ፣ አባቱ በእጁ ገንዘብ ሳይኖረው ዕቃውን ሁሉ አሰብስቦ ወራሾቹ ከሩቅ አገር እስኪመጡ ድረስ ጠብቆ አስረክቧቸዋል። አንባቢ በሆዱ ይስቃል፤ አማናውን ግን ያከብራል።

በራሱም ላይ አልራራም። በወጣትነቱ ሲያገባ ከዓይን አፋርነቱ የተነሳ ወደ ሙሽራዋ ቤት አልሄድ እያለ እናቱ እየተቆጡ ይልኩት እንደነበር ጽፏል። መጠጥ ያዘወትር እንደነበርም አልሸሸገም። በ1527 ከኻንዋ ጦርነት በፊት ተውበት አድርጎ የወርቅና የብር ዋንጫዎቹን አሰብሮ ለድሆች አከፋፈለ። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ናፍቆቱ ለለቅሶ እንዳደረሰው ለወዳጁ ጻፈ። ይህን በማንበባችን ተውበቱ አልቀለለብንም፤ ምን ያህል እንዳስከፈለው ነው ያወቅነው።

ሚዛኑ

«ታዲያ ሁሉንም ልናገር?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ሦስት ገደቦችን እናስታውስ።

አንደኛ፣ ሲትር። አላህ የሸፈነለትን ወንጀል ነግቶ ለሰው የሚያወራ ሰው በቡኻሪና ሙስሊም ሐዲሥ ብርቱ ማስጠንቀቂያ ተነግሮበታል። የባቡር መጠጥ ሕዝብ የሚያውቀው ነበር፤ ተውበቱንም በይፋ አድርጓል። በአንተና በጌታህ መካከል የቀረው ግን እዚያው ይቅር። የኢማሙ መንገድ ይበቃል፤ ድክመትን መናገር ይቻላል፣ ወንጀልን መዘርዘር አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ ሐሜት። ወንድምን በሚጠላው ነገር ማንሳት እውነት ቢሆን እንኳ ጊባ ነው። የኡሳማ አጎትና የባቡር አባት አልፈዋል፤ የዶርም ጓደኛህ ግን መጽሔቱን ያነበዋል፣ እናቱም ታነበዋለች። ቅጽል ስሙን ከመጻፍህ በፊት ጠይቀው። ፈገግ ካላለ ሰርዘው።

ሦስተኛ፣ ውሸት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይቀልዱ ነበር፤ ግን ከእውነት አይወጡም። የሚጋልበው ግመል የጠየቃቸውን ሰው የግመል ልጅ እንደሚሰጡት ነገሩት፤ ግራ ሲገባው ትልቁም ግመል የግመል ልጅ መሆኑን አስገነዘቡት። ሰዎችን ለማሳቅ የሚዋሽን ሰው ግን አስጠንቅቀዋል። ስለዚህ ለሳቅ ሲባል ያልተፈጠረ ነገር አንጨምር፤ እውነቱ ራሱ ብዙ ጊዜ ያስቃል።

ዘንድሮ ስለ ራሳችሁ ስትጽፉ ከውጤታችሁና ከምስጋናችሁ መካከል አንዲት የወላወላችሁባትን ቀን፣ አንዲት የፈራችሁባትን አይጥ አስገቡ። ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ፍሬሽማን ሲያነበው ብቻውን እንዳልሆነ ያውቃል።

አላህ ኒያችንን ያስተካክልልን፤ ገበናችንን ይሸፍንልን። ወሏሁ አዕለም።