ከወናፍ እስከ መለዮ

ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ያለ ታራሚ ሽመና፣ ልብስ ስፌት ወይም የእንጨት ሥራ ቢማር የሚገረም የለም፤ የእጅ ሙያ ሰውን ከኅብረተሰቡ ጋር ያስታርቃል ተብሎ ይታመናልና። ጎንደር ውስጥ ግን ይኸው ሙያ ለዘመናት ሰውን ከጎረቤቱ ሲነጥል ኖሯል። የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) ባለእጆችን ታሪክ ልጆቻቸው እስራኤል ገብተው የፖሊስ መለዮ እስከለበሱበት ድረስ ብንከተለው፣ መንግሥት የሚሰጠው ክብር ጎረቤት የሚሰጠውን ይዞ እንደማይመጣ እናያለን።

በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ይስሐቅ ያልተጠመቀ ርስት እንዳይወርስ ደነገጉ ይባላል። መሬት ያጡት ብዙዎቹ ቤተ እስራኤሎች ወደ ብረት ቅጥቀጣ፣ ሸክላና ሽመና አዘነበሉ። ጎንደር መናገሻ በሆነች ጊዜ ደግሞ በግንበኝነትና በአናጺነት ተፈለጉ፤ በንጉሡ ሠራዊት ተሰልፈው መሬትና ማዕረግ ያገኙም ነበሩ። ስለዚህ ባለእጁ የመንግሥት ጠመንጃ መያዙ በእስራኤል የተጀመረ አይደለም። ዘመነ መሳፍንት መጥቶ የንጉሡ እጅ ሲዝል ግን ማዕረጉም አብሮ ቀረ። ገበሬው ቀን ወናፉ አጠገብ ቆሞ ማረሻውን ያስቀጠቅጣል፤ ማታ ያንኑ ሰው ጅብ ሆኖ ይዞራል፣ ቡዳ ነው ብሎ ይፈራዋል። የሚያስፈልግም የሚፈራም ሰው፣ አንድ ላይ።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. ዘመቻ ሰሎሞን በ36 ሰዓት ገደማ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤሎችን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ወሰደ። እዚያ ማረሻ የሚያስቀጠቅጥ አልነበረም፤ ብዙ አባቶች በጽዳትና በጥበቃ ሥራ ተቀጠሩ፣ ልጆቹ በግዴታ ውትድርና አልፈው ከፊሎቹ ፖሊስና የድንበር ፖሊስ ሆኑ። «የቀጥቃጭ ልጅ ሕግ አስከባሪ ከሆነ ከዚህ በላይ ምን እኩልነት ይፈለጋል?» የሚል ይኖራል። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ደመወዙም ሥልጣኑም እውነተኛ ነው። ነገር ግን በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ሖሎን ከተማ ፖሊሶች የደበደቡት ትውልደ ኢትዮጵያዊ፣ ዳማስ ፓካዳ፣ የወታደር መለዮውን እንደለበሰ ነበር። ድብደባው በቪዲዮ ባይቀረጽ ማን ያምነው ነበር?

«የጥቂት ፖሊሶች ጥፋት ነው» ማለትም አያስኬድም። በ2008 ዓ.ም. የፖሊስ አዛዡ ሮኒ አልሼክ ራሳቸው፣ ፖሊስ ትውልደ ኢትዮጵያውያንን ይበልጥ መጠርጠሩ ተፈጥሯዊ ነው የሚል ንግግር አድርገዋል፤ አዛዥ ሲናገረው የግለሰብ ስህተት መሆኑ ያበቃል። በሰኔ 2011 ዓ.ም. የ19 ዓመቱ ሰሎሞን ተካ ከሥራ ውጭ በነበረ ፖሊስ ጥይት ሲሞት ተቃውሞው አገር አዳረሰ። በዚያ ሰልፍ ፊት በፖሊስ መለዮ የቆመ የቤተ እስራኤል ልጅ ከየትኛው ወገን ነው? ከሁለቱም፤ ችግሩም ይኸው ነው።

እንደኔ፣ ቅጥሩ ይጠቅማል፤ ክብደት ያለው ጥያቄ ግን ፖሊስ መንገድ ላይ ማንን፣ በምን ምክንያት ያስቆማል የሚለው ነው። ይህንንም ያነሳው የትውልደ ኢትዮጵያውያን የሕግ ድርጅት «ጠበቃ» ሲሆን፣ ከሌሎች ጋር ባቀረበው አቤቱታ የእስራኤል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጥር 2013 ዓ.ም. ፖሊስ ያለ በቂ ጥርጣሬ መታወቂያ መጠየቅ እንደማይችል ወስኗል።