ስለ ተኵላይቱ ልጃገረድና ስለ ቡዳ አንድ አስተያየት

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በአሜሪካ እጅግ ከተስፋፉት የልብ ወለድ ዐይነቶች አንዱ የጥንቱን ተረት ወስዶ በዘመናዊ ከተማ ውስጥ የሚያኖረው ነው። በዚህ ዐይነቱ ድርሰት ጠንቋዩም ደም መጣጩም እንደ ማንኛውም ነዋሪ የቤት ኪራይ ይከፍላል፤ መኪና ይነዳል። ከነዚህ ፍጥረታት አንዱ በእንግሊዝኛ «ዌርዎልፍ» የሚባለው ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ «ሰው ተኵላ» እንለዋለን፤ ይኸውም ከሰውነት ወደ ተኵላነት የሚለወጥ ሰው ማለት ነው። ለመመርመር የመረጥነው ካሪ ቮን የተባለችው አሜሪካዊት ደራሲ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2005 ያሳተመችውን «ኪቲና የእኩለ ሌሊት ሰዓት» የተባለውን መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ በቋንቋው ረገድ ቀላል፥ ለመዝናኛ የተጻፈ ነው። ቢሆንም በውስጡ ያገኘነው አንድ ነገር ወደ አገራችን ጉዳይ ስለ መለሰን ልናልፈው አልወደድንም።

ባለ ታሪኳ ኪቲ ኖርቪል ትባላለች። በዴንቨር ከተማ በአንድ የራዲዮ ጣቢያ ሌሊት ሌሊት ሙዚቃ የምታሰማ ወጣት ናት። (ኪቲ ማለት የድመት ግልገል ማለት ስለ ሆነ፥ ይህን ስም ለተኵላ መስጠት የደራሲዪቱ ቀልድ መሆን አለበት።) ተማሪ ሳለች አንድ ሰው ተኵላ ጥሎባት ነገሩ ተጋብቶባታል። ጨረቃ በሞላች ጊዜ ሁሉ ወዳ ሳይሆን ተገዳ ትለወጣለች። የምትኖረው በአንድ መንጋ ሥር ሲሆን፥ በመንጋው ውስጥ ከታናናሾቹ የምትቈጠር ስለ ሆነች በአለቃው ፊት አንገቷን መድፋት ግዴታዋ ነው። አንድ ሌሊት ግን ሙዚቃውን ትታ ስለ እንዲህ ያሉ ፍጥረታት በማይክሮፎኑ ማውራት ትጀምራለች፤ ስልኩም መጮኹን ይቀጥላል። ከሚደውሉት መካከል ምስጢራቸውን ለማንም ነግረው የማያውቁ፥ እንደርስዋ ያሉ ፍጥረታት ይገኙባቸዋል፤ ምክርም ይጠይቋታል።

የመጽሐፉ ልብ፥ በእኛ አስተያየት፥ እርስዋን ለመግደል የተቀጠረ አዳኝ መሣሪያውን ይዞ ወደ ጣቢያው የመጣበት ሌሊት ነው። ኪቲ ስርጭቱን አላቋረጠችም። ከገዳይዋ ጋራ የምታደርገውን ክርክር አድማጭ ሁሉ እየሰማ፥ ሰው ተኵላ መሆኗን በገዛ አፏ ትገልጣለች፤ በንግግሯም ነፍሷን ታድናለች። ከዚህ በኋላ የሚከተለው መከራ ብዙ ነው። የመንጋው አለቃ ዝም እንድትል ይሻል፤ እርስዋ አሻፈረኝ ትላለች፤ በመጨረሻም የቅርብ ወዳጇ ተገድሎባት ከተማውን ለቅቃ ትሄዳለች። ታሪኩንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የምትነግረን ራሷ ናት።

ይህ አነጋገር አዲስ መሆኑን ለመረዳት የአውሮፓን የፍርድ ታሪክ መመልከት ያሻል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1589 በጀርመን አገር፥ በኮሎኝ አጠገብ በምትገኘው በቤድቡርግ፥ ፒተር ሽቱምፕ የተባለ ገበሬ ተኵላ እየሆነ ሰው ይበላል ተብሎ በመንኰራኵር ተሰባብሮ ተገደለ። ቃሉን የሰጠው የማሠቃያው መሣሪያ ከቀረበለት በኋላ ነው። ከርሱም ጋራ ሴት ልጁ ተገደለች፤ ሬሳዋም ተቃጠለ። ስለዚህች ልጅ የምናውቀው ከሳሾቿ ያሉትን ብቻ ነው። በ1603 ደግሞ በፈረንሳይ አገር ዣን ግርኒየ የተባለ ገና በዐሥራዎቹ ዕድሜ የነበረ እረኛ፥ የተኵላ ቆዳና ቅባት ተሰጥቶኛል፥ ልጆችም በልቻለሁ እያለ በራሱ ላይ መሰከረ። የቦርዶ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግን ልጁን አእምሮው የደከመ ነው ብሎ ከሞት አዳነውና ዕድሜውን በገዳም እንዲጨርስ ፈረደበት። በአሥራ አራት ዓመት ልዩነት የተሰጡትን ሁለቱን ፍርዶች ስናስተያይ፥ ዳኛው የተናጋሪውን ቃል የሰማበት ጆሮ ምን ያህል እንደ ተለያየ እናያለን።

ይህን ስናነብ የአገራችን የጅብ ሰው ትዝ ሳይለን አልቀረም። አንባቢ እንደሚያውቀው፥ ቡዳ ሌሊት ጅብ ይሆናል፥ በዓይኑም ሰው ይበላል የሚል እምነት በብዙ የኢትዮጵያ ክፍል ኖሯል፤ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። በዐሥራ ዘጠነኛው ምእተ ዓመት መጀመሪያ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ፥ ከሞተ በኋላ በ1831 በታተመው መጽሐፉ፥ ጆሮአቸው ላይ የወርቅ ጕትቻ ያለባቸው ጅቦች መገኘታቸውን ጽፎአል። የአገሬው ሰው ይህን የቡዳነት ማስረጃ ያደርገው ነበር።

ለእኛ ግን ከጕትቻው ይልቅ የሚያስደንቀን የልፍለፋው ሥርዐት ነው። ቡዳ በላው የተባለው በሽተኛ ጢስ ይታጠናል። በዙሪያው ያሉት ሰዎችም «ማነህ? የት አገኘኸው? በምን ምክንያት በላኸው?» እያሉ ይጠይቁታል። በሽተኛው ሲለፈልፍ የሚናገረው ቡዳው ነው ይባላል፤ «እኔ እገሌ ነኝ» ብሎም የጎረቤት ስም ይጠራል። እንግዲህ የተጠራው ጎረቤት፥ ምናልባትም በዚያች ሰዓት በቤቱ ማረሻ የሚቀጠቅጥ ሰው፥ ባልነበረበት ሸንጎ በሌላ ሰው አፍ «አምኖአል» ማለት ነው። ቃሉን ልስጥ ቢል የሚያዳምጠው የለም። በዚህ መንገድ ስማቸው ከጠፋው መካከል ብዙዎቹ ቀጥቃጮች፥ ሸክላ ሠሪዎች፥ ሸማኔዎችና ፋቂዎች ናቸው። በጎንደር አካባቢ በእነዚህ ሞያዎች ይተዳደሩ የነበሩት ቤተ እስራኤልም፥ አብዛኞቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ጉዞዎችና ከዚያም ወዲህ ወደ እስራኤል አገር እስከ ሄዱ ድረስ፥ ይኸው ስም አልተለያቸውም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሞያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ስድቡን ነቀፈ፤ ፍርሃቱን ግን ከሰው ልብ ሊነቅለው አልቻለም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን መጽሐፍ ካነበቡ በኋላ፥ በአዲስ አበባ የምትኖር፥ ሌሊት ጅብ የምትሆን ጀግና ልጃገረድ በአማርኛ ብትጻፍ መልካም ነው የሚል ዐሳብ አቅርበዋል። ዐሳቡ የሚማርክ ነው። የጅብ ጩኸት በሌሊት የሚሰማባት ከተማ ለእንዲህ ያለ ታሪክ ትመቻለች፤ እኛም ብናገኘው በደስታ እናነበዋለን። ነገር ግን አንድ መሰናክል እናያለን። ኪቲ «አዎን፥ ተኵላ ነኝ፤ ሰውም ነኝ» ብትል የሚጐዳ ጎረቤት የላትም፤ በዛሬው ዴንቨር በአባቱ ሞያ ምክንያት ተኵላ ነህ ተብሎ ጋብቻ የሚነፈግ ወገን የለምና። የእኛዪቱ ልጃገረድ ግን የቀጥቃጭ ልጅ ሆና በመጽሐፉ ውስጥ በእውነት ጅብ ብትሆን፥ ደራሲው ምንም ያህል ቢያፈቅራት፥ ጀግንነቷ ለከሳሾቿ ምስክር ይሆንባቸዋል። የጅቡን ነገር ከባለ እጅ ቤት አውጥቶ ለጌታ ልጅ መስጠት ይቻላል የሚልም ከመካከላችን አለ፤ ይህ በእርግጥ የተሻለ ነው።

እኛ ግን ከዚህም ሌላ የሚጻፍ ታሪክ ይታየናል። አንዲት ልጃገረድ ሰፈሩ ሁሉ የሚያዳምጠው የራዲዮ ስርጭት በእጅዋ ገብቷል። በዚያው ሌሊት በጎረቤት ቤት አንድ በሽተኛ እየተጠየቀ ይለፈልፋል፤ የአባቷንም ስም ይጠራል። አባቷ ከጎኗ ተቀምጠዋል፤ ማይክሮፎኑም ክፍት ነው።